ትራክ በሌለው የትምህርት ቤት ሜዳ የአንድ ቀን የአትሌቲክስ ውድድር፦ አለካክ፣ ሰዓት አያያዝ፣ ዳኝነት

የክበብ_ተጠሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከከተማው ዳር ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተማሪዎች ስፖርት ክበብ በአንድ ቀን የሚያልቅ የአትሌቲክስ ውድድር ሊያዘጋጅ አስቧል። 9ኛ፣ 10ኛ፣ 11ኛ እና 12ኛ ክፍል እንደ አራት ቡድን ይሰለፋሉ፤ በየውድድሩ ከየቡድኑ 2 ሴት እና 2 ወንድ። ያለው ሣር የለበሰ የእግር ኳስ ሜዳ ነው፦ 105 በ68 ሜትር፣ ከመስመሩ ውጪ ዙሪያውን 3 ሜትር ያህል ትርፍ መሬት። ትራክ የለም፣ የከፍታ ዝላይ ፍራሽም የለም። አብዛኛው ተማሪ በአውቶቡስ ስለሚመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለፍ አይቻልም። የትኞቹን ውድድሮች ማካሄድ ይቻላል? ሜዳው እንዴት ይለካ? ዳኝነቱስ ስንት ሰው ይፈልጋል?

ችካልና_ሲባጎ፦
የ400 ሜትሩን ትራክ ይርሱት። መደበኛው ትራክ ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የኩርባው ሬዲየስ 36.50 ሜትር ነው። የውስጡ ስፋት ብቻ 73 ሜትር ስለሚሆን በ68 ሜትር ሜዳ አይገባም። ለእናንተ የሚሆነው ባለ አራት መም (መም ማለት አንድ ሯጭ የሚሮጥበት በመስመር የተከለለ መንገድ ነው) የ200 ሜትር ትራክ ነው።

ቀጥታው 40 ሜትር፣ የውስጠኛው መስመር ሬዲየስ 18.90 ሜትር፣ የእያንዳንዱ መም ስፋት 1.22 ሜትር ይሁን። ሯጭ መስመሩን ታክኮ ስለማይሮጥ ርቀቱ የሚለካው ከውስጠኛው መስመር 20 ሳንቲሜትር ወጣ ብሎ ነው። ሒሳቡ፦ 2 × 40 ሲደመር 2 × 3.1416 × 19.10፣ ድምሩ 200.01 ሜትር። ትራኩ ከነመሞቹ 87.56 በ47.56 ሜትር ቦታ ይይዛል።

አሁን የት እንደሚቀመጥ። የሜዳው መሐል ላይ እንዳታደርጉት፤ ወደ አንዱ የጎን መስመርና ወደ አንዱ የጎል መስመር ግፉት። የመጀመሪያው የኩርባ መሐል ከጎን መስመሩ 23.78፣ ከጎል መስመሩም 23.78 ሜትር ገብቶ ይተከላል። ሁለተኛው ከጎን መስመሩ ያው 23.78፣ ከመጀመሪያው ደግሞ ልክ 40 ሜትር ወደ ኋላ። የመጨረሻ መስመሩ በመጀመሪያው መሐል ትይዩ፣ ቀጥታው አልቆ ኩርባው በሚጀምርበት ላይ ይሰመራል። እንዲህ ሲሆን አጭሩን ሩጫ በዚያው ቀጥታ ላይ፣ ከሌላኛው ጎል መስመር 1.22 ሜትር ገብቶ በማስነሳት 80 ሜትር ታገኛላችሁ። ከመጨረሻ መስመሩ በኋላ ደግሞ ፍጥነት መቀነሻ 26 ሜትር ያህል ይቀራል። የማዕዘን ባንዲራዎቹን መንቀል አይዘንጋ።

100 ሜትር የግድ ካላችሁ የሜዳው ሰያፍ 125 ሜትር ይሆናል፤ ግን አራት መም ሲሰመርበት ማዕዘኖቹ ይበሉታልና የሚተርፈው 117 ሜትር ገደማ ነው። ያም ሌላ የመጨረሻ መስመርና ሌላ የሰዓት ያዥ ቦታ ይጠይቃል። 80 ይሻላል።

አሠራሩ፦ የቀጥታዎቹን አራት ጫፎች በ6፣ 8፣ 10 ሜትር ሦስት ማዕዘን ቀጥ አድርጋችሁ ችካል ምቱ። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱም 55.03 ሜትር ካልሆኑ ሳጥኑ ጠሟልና ቀለም አትንኩ። ለኩርባው ሲባጎ አትጠቀሙ፣ ሲጎተት ይለጠጣል። ቀጭን ሽቦ ላይ 18.90፣ 20.12፣ 21.34፣ 22.56 እና 23.78 ሜትር ላይ ምልክት አስራችሁ ከመሐሉ ችካል እያዞራችሁ በየሜትሩ ነጥብ ጣሉ። ችካሉ ዘንበል ካለ ጉዳቱ ትልቅ ነው፦ በሬዲየሱ ላይ የ3 ሳንቲሜትር ስህተት ዙሩን 19 ሳንቲሜትር ያዛባዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ችካሉን ብቻ ይያዝ።

ሰፊ_ብሩሽ፦
ስለ ቀለሙ ልጨምር። አምስቱ መስመሮች በቀጥታው 400፣ በኩርባው 670 ሜትር ያህል፣ በድምሩ ወደ 1,070 ሜትር ናቸው። በ5 ሳንቲሜትር ስፋት ሲሰላ 54 ካሬ ሜትር ይሆናል። በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ወይም የተፈጨ ጠመኔ ተጠቀሙ። የተቃጠለ ኖራ ርካሽ ነው እያለ የሚመክር አይጠፋም፤ አትስሙት። ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ አደጋ ነው፤ በዱላ ቅብብል የሚወድቅ ልጅ መቼም አይጠፋም። ሣሩ መጀመሪያ ይታጨድ፣ ቀለሙ ከዋዜማው ቀን ከሰዓት በኋላ ይቀባ።

ሽንጠ_ረዥም፦
የ200 ሜትር መነሻ በየመሙ ይለያያል። ሁለተኛው መም ከመጀመሪያው 7.04 ሜትር ቀድሞ ይነሣል፤ ሦስተኛው ከዚያ 7.67፣ አራተኛውም እንዲሁ 7.67 ይጨምራል። መደበኛ ቁጥር ነው፣ እንዳለ ውሰዱት።

የሒሳብ_ክበብ፦
ወንድሜ፣ 7.04 ለእነሱ አይሠራም። ያ ቁጥር የሚመጣው የመጀመሪያው መም በውስጥ በኩል ከፍ ያለ ጠርዝ ሲኖረው ነው። ጠርዝ ካለ ሯጩ እግሩ እንዳይመታ ስለሚርቅ የመጀመሪያው መም በ30 ሳንቲሜትር፣ ሌሎቹ በ20 ይለካሉ፤ የ10 ሳንቲሜትሯ ልዩነት ናት 7.67ን ወደ 7.04 የምታወርደው። ሣር ላይ በቀለም ብቻ ሲሰመር ሁሉም በ20 ስለሚለካ ልዩነቱ በየመሙ እኩል ነው፦ 2 × 3.1416 × 1.22፣ ማለትም 7.67 ሜትር። 7.04 ቢወስዱ ከ2 እስከ 4 ያሉት መሞች 63 ሳንቲሜትር ትርፍ ይሮጣሉ።

የሚገርመው ሬዲየሱ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ኩርባው ጠባብም ሰፊም ቢሆን ለአንድ ሙሉ ዙር ልዩነቱ ያው ነው።

ስለዚህ ከመጨረሻ መስመሩ ወደ ኩርባው፦ መም 2 በ7.67፣ መም 3 በ15.33፣ መም 4 በ23.00 ሜትር። ሜትሩ በየመሙ ከውስጥ መስመሩ 20 ሳንቲሜትር ወጥቶ ኩርባውን ተከትሎ ይዘርጋ፤ በቀጥታ ከወጠራችሁት ያሳጥረዋል። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ከመሐሉ ችካል በማዕዘን ለኩት፦ 21.6፣ 40.8 እና 57.9 ዲግሪ።

ሽንጠ_ረዥም፦
ልክ ነህ፣ ጠርዙን ረስቼው ነው። ቁጥሬን አትውሰዱ።

የ11ኛ_ተወካይ፦
እኔ ተማሪ ነኝ፣ ከክበቡ። በዚህ ትራክ 400 ሜትር ሁለት ዙር በየመማችን ከሮጥን አራተኛው መም 46 ሜትር ቀድሞ ሊነሣ ነው ማለት ነው? ተመልካቹ ማን እንደሚመራ አያውቅም። 800 እና 1,500ስ ከየት ይነሣሉ?

የሒሳብ_ክበብ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። 400 ሜትርን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኩርባዎች በየመማችሁ ሩጡ። ከሁለተኛው ኩርባ መውጫ ላይ ባንዲራ ይተከልና ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት ይፈቀድ። ያኔ የሚካካሰው አንድ ዙር ብቻ ስለሆነ የ200 ሜትሩ መነሻ ምልክት ለ400ም ያገለግላል። አራተኛው መም ወደ ውስጥ ሲገባ ሰያፍ ስለሚሮጥ 17 ሳንቲሜትር ያህል ይጎዳል፤ ለሦስተኛው 7፣ ለሁለተኛው 2 ሳንቲሜትር ነው። ከፈለጋችሁ መነሻውን በዚያው መጠን ወደፊት አስጠጉ፤ ግን በዚያች ልዩነት ሜዳሊያ የሚቀየር አይመስለኝም።

800 አራት ሙሉ ዙር ነው፣ ከመጨረሻ መስመሩ ይነሣል። 1,500 ሰባት ዙር ተኩል ስለሆነ መነሻው በተቃራኒው በኩል፣ የኋለኛው ቀጥታ የሚያልቅበት ነው። ሁለቱም ኩርባ አፍ ላይ ስለሚነሡ ስምንት ሯጭ በቀጥታ መስመር ከተደረደረ የውጪዎቹ ይበደላሉ። ጎበጥ ያለ መስመር እንዲህ ይሠራል፦ በመጀመሪያው መም መለኪያ ላይ (20 ሳንቲሜትሩ) ከመነሻው ወደፊት 15 ሜትር ድረስ በየሜትሩ ችካል ምቱ። ሽቦውን ሩቁ ችካል ላይ አስራችሁ በችካሎቹ ላይ ተደግፎ እስከ መነሻው አምጡት። ከዚያ ጫፉን ሳታላሉ ወደ ውጪ እየፈታችሁ ሂዱ፤ ጫፉ የሚሄድበት መንገድ የመነሻ መስመሩ ነው።

ዱላ_አቀባይ፦
ዱላ ቅብብሉን 4 × 100 እንዳታደርጉት። በ200 ሜትር ትራክ ላይ ሁለት ዙር ሙሉ በየመም ማለት ነው፤ ባለ 30 ሜትር የመቀባበያ ክልል በየመሙ ሦስት ጊዜ ሲሰመር 12 ክልል ይሆናል፣ ልጆቹ የራሳቸውን ሳያገኙ ዱላው ይደርሳል። 4 × 200 አድርጉት፤ እያንዳንዱ አንድ ዙር።

የመጀመሪያው ሯጭ ሙሉ ዙሩን፣ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ኩርባ በየመማቸው ይሩጡ፤ መግባት የሚፈቀደው ኋለኛው ቀጥታ ላይ ሲደርሱ ነው። ስለዚህ የሚካካሰው ሦስት ኩርባ ነው፦ መነሻው በየመሙ 11.50፣ 23.00 እና 34.50 ሜትር ወደፊት ይሆናል። የመጀመሪያው መቀባበያ መሐል ለመም 1 የመጨረሻ መስመሩ ራሱ ነው፤ ለመም 2 ከእሱ 3.83፣ ለመም 3 7.67፣ ለመም 4 11.50 ሜትር አለፍ ይላል። ክልሉ ከመሐሉ 10 ሜትር በፊትና 10 ሜትር በኋላ፣ በድምሩ 20 ሜትር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መቀባበያ ለሁሉም መጨረሻ መስመሩ ላይ ነው፤ ተረካቢዎቹ የሚደረደሩት መጪዎቹ ግማሽ ዙር ሲቀራቸው በነበራቸው ቅደም ተከተል ነው፣ ከዚያ በኋላ ቦታ መለዋወጥ የለም። የዱላውን ምልክቶች በሌላ ቀለም ቀቡ፤ አለበለዚያ ከ200ው ጋር ይምታታሉ።

ሁልጊዜ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ነጥብ፦ ክልሉ ውስጥ መሆን ያለበት ዱላው እንጂ የሯጩ እግር አይደለም። ዱላው ከወደቀ የሚያነሣው የጣለው ነው፤ ሌላውን ካላደናቀፈና ርቀት ካላሳጠረ ሩጫው ይቀጥላል። ዱላው ከ28 እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ50 ግራም የማያንስ፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ፤ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጣችሁ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ሰዓት_ያዥ፦
ቀኑን የሚያበላሸው ልኬት ሳይሆን መጨረሻ መስመሩ ነው። ደረጃ የሚወስኑ ዳኞችና ሰዓት የሚይዙ ሰዎች ይለያዩ። አንድ ሰው ሁለቱን ሲሠራ አውራ ጣቱን ያያል እንጂ መስመሩን አያይም።

ሰዓት ያዡ መስመሩ ትይዩ፣ ቢያንስ 5 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ደረጃ በደረጃ ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቁም። ሰዓቱን የሚያስነሣው በድምፅ ሳይሆን በዓይን ባየው ምልክት ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ80 ሜትር ሩጫ ከ0.2 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሁሉም ሰዓት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ሽጉጥ ከሌለ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ጣውላዎች ይበቃሉ፤ የውስጥ ፊታቸው ነጭ ይቀባ፣ ሲጋጠሙ ነጩ ሲጠፋ ከሩቅ ይታያል።

ለአንደኛው ሦስት ሰዓት መድቡ። ሁለቱ ከተስማሙ የእነሱ ይያዛል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው፤ ሁለት ብቻ ከሠሩ ረዥሙ። የእጅ ሰዓት ንባብ ወደሚቀጥለው አሥረኛ ሰከንድ ከፍ ይላል፤ 11.21 ከሆነ 11.3 ይጻፋል። የሚታየው ደረት ነው፤ ራስ፣ አንገት፣ እጅና እግር አይቆጠሩም። ለ80ው የሚዘረጋ እጅ ብዙ ነው፤ ልጆቹን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አስጀማሪው ለ200 እና ለ400 ኩርባው መሐል፣ ችካሉ አጠገብ ይቁም። መነሻዎቹ የተበታተኑ ቢሆኑም ከዚያ ለአራቱም እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ይርቃል። እስከ 400 ድረስ «በቦታችሁ»፣ «ተዘጋጁ»፣ ከዚያ ምቱ፤ ከ800 ጀምሮ «ተዘጋጁ» የለም። በዓለም አቀፉ ደንብ ያለ ጊዜው የተነሣ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ለትምህርት ቤት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ይሻላል።

የ11ኛ_ተወካይ፦
ስልክ መቅረጫ ካለን ዳኛ ለምን አስፈለገ?

ሰዓት_ያዥ፦
ስልኩም ሊሳሳት ይችላል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በተለመደው 30 ምስል በሰከንድ ቀረጻ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው 27 ሳንቲሜትር ይዘላል፤ ደረት የሚለየው በዚያ መሐል ነው። 240 ምስል ካለው ወደ 3 ሳንቲሜትር ይወርዳል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን በማስቆሚያ ላይ፣ ልክ መስመሩ ቅጥያ ላይ ተተክሎ ሁለቱም የመስመሩ ጫፎች መታየት አለባቸው። ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ከቆመ ለአንዱ መም ያዳላል። ዳኞቹ መጀመሪያ ይጻፉ፣ ቪዲዮው ለክርክር ይቀመጥ። የክርክሩን ቪዲዮ የሚያየው ደግሞ አንድ የተሾመ መምህር እንጂ የተሰበሰበ ክፍል አይደለም።

ችካልና_ሲባጎ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር። 8 ሯጭ፣ 4 መም፤ «ሁለት ጊዜ አሩጠን በሰዓት እንለያቸዋለን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለ80 እና ለ200 አይሆንም። የ0.1 ሰከንድ ልዩነት ከሰዓት ያዡ አውራ ጣት ሊመጣ ይችላል። ከየማጣሪያው ሁለት ሁለት አሳልፋችሁ ፍጻሜ አድርጉ። ለ400 ልዩነቱ ስለሚሰፋ በሰዓት መለየት ያስኬዳል።

አሎሎ_በትከሻ፦
የከፍታ ዝላይ ያለ ፍራሽ አይታሰብ፣ በአሸዋ ላይም ቢሆን። ጦር ውርወራም ሩጫ ባለበት ሜዳ ይቅር። ርዝመት ዝላይና አሎሎ ይበቃሉ።

የዝላይ ጉድጓዱን ኳስ ሜዳው ውስጥ አትቆፍሩ። ከትራኩ ተቃራኒ ባለው የጎን መስመር ውጪ፣ በ3 ሜትሩ ትርፍ መሬት ላይ ርዝመቱን ተከትሎ ይቆፈር፦ ስፋት 2.75፣ ርዝመት 7፣ ጥልቀት 0.40 ሜትር። ወደ 7.7 ሜትር ኩብ አሸዋ ይፈጃል። መነሻ ጣውላው 20 ሳንቲሜትር ስፋት ኖሮት ከጉድጓዱ 1 ሜትር ይራቅ፤ 3 ሜትር ከሆነ ደካማው ዘላይ ሣር ላይ ያርፋል። አሸዋው ርጥብ ይሁን፤ ደረቅ አሸዋ ወደ ኋላ ይናዳል፣ አሻራው ይጠፋል፣ ጠብ ይነሣል። የሚለካው ለጣውላው ከቀረበው አሻራ፣ ከመነሻ መስመሩ ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው። ንባቡ ወደ ታች ወደ ሙሉ ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ከሰዓቱ ተቃራኒ ነው። ዘሎ በአሸዋው ውስጥ ወደ ኋላ የተመለሰ ሙከራው ፋውል ነው።

ለአሎሎ ክቡ 2.135 ሜትር፤ የመውደቂያው ማዕዘን 34.92 ዲግሪ ነው። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፦ ከክቡ መሐል 20 ሜትር ላይ ሁለቱ መስመሮች 12 ሜትር ይራራቃሉ። በትራኩና በተቃራኒው የጎን መስመር መሐል 20 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይተርፋል፤ ውርወራው በዚያ፣ ከኋለኛው ቀጥታ ጎን ለጎን ይሁን። ዝላዩና ውርወራው ጎረቤት ስለሆኑ በአንድ ሰዓት አታካሂዱ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ሴቶች 3፣ ለወንዶች 5 ኪሎ። ወርዋሪው በኋለኛው ግማሽ ካልወጣ አይቆጠርለትም። ብረቱ ተመልሶ በእጅ ይመጣል እንጂ አይወረወርም። በዚህ አትደራደሩ።

የቡድኑንም ነገር ልበል፤ 9ኛ ከ12ኛ ማጋጠም ውጤቱን አስቀድሞ መጻፍ ነው። ከአራቱም ክፍል የተውጣጡ አራት የቀለም ቡድኖች አድርጉ።

የክበብ_ተጠሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ቡድኖቹን በቀለም እናደርጋለን። የቀረን ፕሮግራሙና የሰው ቁጥሩ ነው። አንድ ልጅ በስንት ውድድር ይግባ?

ሰዓት_ያዥ፦
በሁለት የግል ውድድርና በዱላ ቅብብል፣ ከዚያ በላይ አይሁን። 800 እና 1,500ን ደግሞ አንድ ልጅ ሁለቱንም እንዳይሮጥ።

እንዲህ ሞክሩት፦ ጠዋት 2:30 1,500፤ 3:00 የ80 ማጣሪያ፤ 3:30 400፤ 4:10 የ80 ፍጻሜ፤ 4:30 800፤ 5:00 የ200 ማጣሪያ፤ 5:50 የ200 ፍጻሜ፤ 6:20 ዱላ ቅብብል። ዝላይ ከ2:30 እስከ 3:40፣ አሎሎ ከ3:45 እስከ 4:50፣ ለእያንዳንዱ 3 ሙከራ። 1,500 የቀደመው ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ሣሩ ጤዛ አለው፣ የ19 ሜትር ኩርባ ደግሞ በርጥብ ሣር ያንሸራትታል። 200 ኩርባውን በሙሉ ፍጥነት ስለሚገባበት ሣሩ እስኪደርቅ ይቆይ። ዘላይ ለሩጫ ከተጠራ ሮጦ ይመለስና ሙከራውን ያሟላል፤ ግን ለዝላይ ዳኛው ሳይናገር አይሂድ።

ሰው፦ አስጀማሪና ረዳቱ 2፣ ሰዓት 3፣ ደረጃ ዳኛ 4፣ ኩርባ ላይ 4፣ ዙር ቆጣሪ 2፣ ጠሪ 2፣ መዝጋቢ 2፣ ለዝላይና ለአሎሎ በጋራ 5። ድምሩ 24፤ ከመምህራን 8 ያህል ከተገኙ ሌላው ተማሪ ነው። ለአንድ ዙር ቆጣሪ ከ4 ሯጭ በላይ አትስጡ፤ ቆጣሪው ሯጩ በመስመሩ ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን ይጽፋል እንጂ በጣቱ አይቆጥርም። በ1,500 የሚደረብ፣ ማለትም መሪው ሙሉ ዙር የሚቀድመው ሯጭ አይጠፋም፤ የመጨረሻው ዙር ደወል የሚደወለው ለመሪው ነው፣ የተደረበው ስንት እንደቀረው የሚነግረው የራሱ ቆጣሪ ነው።

ነጥቡ ከ8 እስከ 1፣ ለዱላ ቅብብል እጥፍ። እኩል የወጡ ነጥቡን ይካፈሉ።

ዱላ_አቀባይ፦
ጠሪዎቹን አታቃልሉ። ሯጮቹን 10 ደቂቃ ቀድመው ሰብስበው መም ካላስያዙ ፕሮግራሙ የሚዘገየው በሩጫው ሳይሆን «አበበ የት ገባ» በሚለው ነው። መም በዕጣ ይሰጥ፤ ዕጣው ከዋዜማው ወጥቶ ይለጠፍ።

የክበብ_ተጠሪ፦
ረቡዕ እንለካለን። ከውድድሩ በኋላ ሜዳው ለኳስ ሲመለስ መሐል ችካሎቹን እንንቀል?

ችካልና_ሲባጎ፦
አትንቀሏቸው። ብረት ከሆኑ ከመሬቱ 10 ሳንቲሜትር ወደ ታች እስኪገቡ ምቷቸውና አፈር መልሱባቸው፤ ብቅ ካሉ ኳስ ተጫዋች ይሰናከልባቸዋል። ከጎን መስመሩና ከጎል መስመሩ ያላቸውን ርቀት መዝገብ ላይ ጻፉ። በዓመቱ ሽቦውን አስሮ ማዞር ብቻ ይቀራል። ጉድጓዱን ግን በሸራ ሸፍኑት፤ ካልሆነ ድመቶቹ ይወርሱታል።